የማሠልጠኛው ምርቃትና ከባቢሌ የመጡት የክብር እንግዳ፤ እስቲ እንነጋገርበት

የከዚራ ጥላ

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?

እሁድ የታናሽ ወንድሜ ምርቃት ነበር፣ ከካህናት ማሠልጠኛው። የሰኔ ወበቅ ድሬ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ በፕሮግራም ወረቀቱ ፊቱን እያራገበ ነው፣ ምሩቃኑ ደግሞ በዚያ ላይ ጥቁር ገዋን ደርበዋል። ሥነ ሥርዓቱ እንደ ወትሮው ሄደ። ጸሎት፣ ወረብ፣ የኃላፊው ሪፖርት፣ ቅኔ። አንድ ልጅ ጉባኤ ቃና አቀረበ፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ሊቃውንቱ ከፊት ወንበር "ይበል! ይበል!" እያሉ ሦስቴ አስደገሙት።

ከዚያ የዕለቱ የክብር እንግዳ ተጠሩ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ "የክብር እንግዳ" ብቻ ነው የሚለው። እኛ እንደተለመደው ባለሥልጣን ወይ ባለሀብት ይሆናል ብለን ጠበቅን። የተነሡት ግን ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ጥምጥማቸው ላይ የመንገድ አቧራ ያለ አንድ አባት ናቸው። ከባቢሌ ወዲያ ካለች የገጠር ቤተክርስቲያን ነው የመጡት። ሌሊት ተነሥተው እስከ ሐረር በአይሱዙ፣ ከሐረር ድሬ በሚኒባስ።

ማይኩን አልፈለጉትም። ከምሩቃኑ መካከል ሁለት ካህናት እንዲነሡ ጠየቁ፣ ተነሡ። ሦስት ዲያቆናት ጠየቁ፣ ተነሡ። አምስቱን ከመድረኩ ፊት አሰለፏቸውና አንድ በአንድ እየነኩ ሥራ ሰጧቸው። አንተ ሠራዒ ካህን፣ አንተ ንፍቅ ካህን፣ አንተ ሠራዒ ዲያቆን፣ አንተ ንፍቅ ዲያቆን፣ አንተ መብራት ያዥ። ልጆቹ ፈገግ እያሉ ነው፣ ቤተሰብም ፎቶ ያነሣል። ከዚያ መብራት ያዡን እጁን ያዙና ወደ ወንበሩ መልሰው አስቀመጡት። ወደ አራቱ ዞረው "በሉ ቀድሱ" አሏቸው።

አራቱም ዝም ብለው ቆሙ። ከአምስት ባነሰ አገልጋይ ቅዳሴ እንደማይቀደስ እዚያ ድንኳን ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። "የእኔ ቤተክርስቲያን እንዲህ ናት" አሉ። ስንት እሁድ የኪዳን ጸሎት ብቻ አድርሰው፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ሕዝብ ሳያስቀድስና ሳያቆርብ እንደሚያሰናብቱት ነገሩን። ብር አልጠየቁም። ለዘለዓለም ኑና እዚያ ኑሩም አላሉም። የጠየቁት አንድ መምህር ነው። ፊደል የሚያስቆጥር፣ ዳዊት የሚያስደግም፣ ግብረ ዲቁና የሚያስጠና መምህር ስጡኝ፣ ዲያቆናቱን ከሰፈሬ ልጆች አገኛለሁ አሉ። በመጨረሻ ምሩቃኑን በአማርኛም በኦሮምኛም መርቀው ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

እኔ የምለው፣ የክብር እንግዳ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ተመራቂው ነገ ስለሚጠብቀው ሥራ፣ ያንን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ከሠራው ሰው አፍ ይስማ። ለቀጣዮቹ ምርቃቶችም እንዲህ ቢለመድ ምን ይመስላችኋል?


ሳቢያን

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አቦ እኔም ነበርኩ፣ የአጎቴ ልጅ ተመርቆ። አራቱ ልጆች ዝም ብለው ሲቆሙ አጠገቤ የነበረች እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የኔን ምርቃት ልንገራችሁ። የት እንደሆነ ይቅር፣ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት አልነበረም። የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት አርፍዶ መጣ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመናል። ሲመጣ ሰው የጻፈለትን ወረቀት አነበበ፣ እኛ ስለተማርነው ትምህርት አንዲት ቃል የለችበትም። ጊዜ ስላለቀ የተመራቂ ስም በጅምላ ተጠራ፣ አባቴ የኔን ስም ሳይሰማ ወደ ቤቱ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ያንን አባት የጋበዘው ሰው ማንም ይሁን እግዚአብሔር ይስጠው።


ነምበር ዋን

እኔ በዚህ አልስማማም፣ በግልጽ ልናገር።

አንደኛ ቀኑ የልጆቹ ቀን ነው። ቤተሰብ ዓመታት ቆጥቦ፣ በግ አርዶ፣ ከአዲስ አበባና ከጅጅጋ ዘመድ ጠርቶ ነው የመጣው። በዚያ ቀን ልጅን መሀል ላይ አቁሞ "ቀድስ እስቲ" ማለት አስተማሪ ቢሆንም ያሳቅቃል። ያ መብራት ያዥ ተብሎ የተመለሰው ልጅ ምን ተሰማው? እናቱስ?

ሁለተኛ፣ ባለሥልጣንና ባለሀብት የሚጋበዘው ለጌጥ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ የሕንጻ ኮሚቴ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። የመሬት ጉዳይ፣ የውሃ መስመር፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የተማሪዎቹ ማደሪያ ፍራሽ ሳይቀር አንድ ሰው "እኔ አለሁ" ሲል ነው የሚሆነው። ያ ሰው ደግሞ ተጋብዞ፣ ከፊት ተቀምጦ፣ ልጆቹን አይቶ ነው ልቡ የሚከፈተው። እኔ ራሴ ነጋዴ ነኝ፣ እንደዚያ ነው የጀመርኩት። የባቢሌው አባት ይከበሩ፣ ይጋበዙ፣ ግን ሌላውን አታባርሩ።


የከዚራ ጥላ

ነምበር ዋን ወንድሜ፣ ማንም ይባረር አላልኩም። ከፊት ይቀመጡ፣ ይመስገኑ። የኔ ጥያቄ ማይኩ ለማን ይሰጥ ነው። ለምሩቃን መናገርና ስለተሰጠ ርዳታ ማመስገን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለሁለተኛው ምሳ ላይ ጊዜ አለ።


የመሪጌታ ልጅ

እኔ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጻፍ፣ አባቴ የድጓ፣ ማለትም የቤተክርስቲያን ዜማ፣ መምህር ስለነበሩ ነገሩ ይነካኛል።

በአብነት ትምህርት ቤት እኮ ገዋን ለብሶ መመረቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ማስመስከር ነው ያለው፣ መምህር ፊት ተጠይቆ ምስክር መቀበል። የድጓ ተማሪ ንባቡን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን ጨርሶ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ ጽፎ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ እዚያ መምህሩ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዷን ምልክት ይጠየቃል። ቅዳሴ የሚያስመሰክረው ደብረ ዓባይ ወይ ሰለልኩላ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ አቋቋም ጎንደር። አባቴ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ይዘው "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ለምነው ነው የተማሩት። እዚያ ሥርዓት ውስጥ የክብር እንግዳ አይፈለግም፣ ክብሩ ያለው ምስክር የሚሰጠው መምህር ላይ ነው። ሲያስመሰክር ደግሞ መምህሩ "ሂድ፣ አስተምር" ብሎ ነው የሚመርቀው። ሥራውና ምርቃቱ አልተለያዩም።

አሁን ስለ ገጠሯ ቤተክርስቲያን። ለምን አምስት ሰው ጠፋ? ስንፍና አይደለም። ድሮ ቤተክርስቲያን መሬት ነበራት፣ ካህኑም ዲያቆኑም መምህሩም በዚያ መሬት ነበር የሚኖረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ቀረ። መሬት ለአራሹ መሰጠቱን አልቃወምም፣ አያቴ ራሳቸው ጭሰኛ ነበሩ። ግን በአንድ ቀን የካህኑ ቀለብ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያቆመን ሰበካ ጉባኤ ነው፣ ምእመኑ እያዋጣ። የሰበካ ጉባኤውን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲን፣ በ1965 ዓ.ም. ያወጡት ደግሞ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት፣ የኛው አባት። አዋጁ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀድመው መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ደርግ መጀመሪያ ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ገደላቸው። ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅንም ዘጋው፣ እንደገና የተከፈተው በ1980ዎቹ ነው። በዚያ መሀል አንድ ትውልድ ሙሉ መምህር ሳይወጣ አለፈ።

እና ሰበካ ጉባኤ ሰው በበዛበት ይሠራል። ሳቢያን ወይ ከዚራ ላይ ምእመኑ ብዙ ነው፣ መዋጮውም ያኖራል። ከባቢሌ ወዲያ ግን ምእመኑ ጥቂት ቤተሰብ ነው፣ እሱም ማሽላና ለውዝ አርሶ አዳሪ። ዝናብ ከቀረ መዋጮም ይቀራል። የክብር እንግዳው ያሳዩን አምስተኛው ሰው የጠፋው እንዲህ ነው።


መጋላ

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ይህን ክር ጎረቤቴ ልኮልኝ ነው ያነበብኩት። ምርቃቱ ላይም ነበርኩ፣ ልጁ ከልጄ ጋር አብሮ ያደገ ነው፣ ድንኳኑንም አብረን ነው የተከልነው።

ማሻአላህ ሽማግሌው ልብ ይነካሉ። እኛ ዘንድ ልጅ ቁርአን ሲያኸትም፣ ማለትም ቀርቶ ሲጨርስ፣ ሰፈር ይደግሳል፣ ሐረር ላይ ደግሞ እንዴት እንደሚደምቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ቀን ቀድሞ የሚከበረው ያስቀራው ሸኽ ነው። ልጁ የሸኹን እጅ ይስማል፣ ከዚያ ነው የአባቱን። ስለዚህ የገጠር መምህር የክብር እንግዳ ሲሆን ለእኔ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም፣ መሆን ያለበት ነው የመሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌው ምሳ ላይ ከኔ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የቤተክርስቲያናቸው አጥር በጎርፍ ሲወድቅ ያቆሙላቸው የሰፈሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ አጫወቱኝ። ወላሂ ይህን መድረክ ላይ ቢናገሩት ደስ ባለኝ። አላህ ያግራላቸው።


ገንደ ቆሬ

አምስተኛው እኔ ነኝ።

ልጽፍ አልፈለግሁም ነበር ግን ነምበር ዋን ምን ተሰማው ብለው ስለጠየቁ። አላፈርኩም። እጄን ሲይዙኝ እጃቸው የአርሶ አደር እጅ ነው፣ መዳፋቸው የተሰነጣጠቀ። ወንበሬ ላይ ሲያስቀምጡኝ ትከሻዬን ጫን አድርገው በጆሮዬ "ይቅር በለኝ ልጄ" አሉኝ። ምሳ ላይም እናቴ ጋ መጥተው ሰላም ብለዋት በመስቀላቸው አሳልመዋታል። እናቴ አልተቀየመችም። ይልቅ ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ እኔንም አልወሰደኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ድሬ ውስጥ ተራ ደርሶት ለመቀደስ የሚጠብቅ ዲያቆን ሞልቷል። በዓል ሲሆን ልብሰ ተክህኖ የሚበቃን አይመስለኝም። እኔ አንዱ ተራ ጠባቂ ነኝ። እዚያ ደግሞ አንድ ሰው በመጥፋቱ ቅዳሴ ይቀራል። ይህን ሳውቅ ነው የኖርኩት፣ ትምህርት ላይም ተነግሮናል፣ ግን እጄን ይዞ ያስቀመጠኝ ሰው አልነበረም።

ግን እናቴ ቀፊራ በር ላይ እንጀራ ትሸጣለች። ሁለት ታናናሾቼ ይማራሉ። የቤት ኪራይ አለ። ከተማ ውስጥ አንድ ደብር ጽሕፈት ቤት ሊቀጥረኝ ጫፍ ደርሷል። ባቢሌ ብሄድ ለእናቴ ምን ልልክ ነው? ለውዝ? እንዲህ ስል ልቤ ይደማል ግን ጥያቄው ይኼ ነው። የምትመርቁኝ ሳይሆን የምትመልሱልኝ እፈልጋለሁ።


ሳቢያን

ወንድሜ እግዚአብሔር ያጽናህ። መልስ የለኝም ግን እንዲህ በግልጽ ስለተናገርክ አከብርሃለሁ።


እናት ዓለም

ልጄ ገንደ ቆሬ፣ እኔ የቄስ ሚስት ነኝ፣ እስቲ ከኔ ስማ።

ባለቤቴ ዲያቆን ሳለ ነው የተጋባነው። መቼም ታውቃለህ፣ ካልመነኮሰ በቀር ቅስና የሚቀበለው ካገባ በኋላ ነው። እና ቄስ በሆነ በማግሥቱ ገጠር ተላክን። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተሰጠን ቤት ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት፣ ጣሪያዋ ዝናብ ታስገባለች። ውሃ በአህያ ነው። ደሞዙ ሰበካው ሲኖረው ይሰጣል፣ ሳይኖረው በመከር ማሽላ ይሰፈርልናል። የበኩር ልጄ ምጥ ሲመጣ ሐኪም ቤት እስክንደርስ በቃሬዛ ነው የተሸከሙኝ። የተሸከሙኝ የሰፈሩ ወንዶች ናቸው፣ ኦሮሞዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች። እግረ መንገዳቸውን እየተቀባበሉ። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ኑሮው ደስታ የለውም አልልህም። እዚያ ሴቶቹ ወተት ሳያመጡልኝ ያደሩበት ቀን አላስታውስም። ባለቤቴ ከተማ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ቀሳውስት አንዱ ነበር፣ እዚያ ግን ሕዝቡ በልጁ ክርስትናም በሽማግሌው ቀብርም የሚያውቀው እሱን ነው። ግን የሚልኩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። መጀመሪያ ቤት ይሠራ። ደረቅ ጣሪያ ያለው፣ ሁለት ክፍል፣ ሽንት ቤት ያለው። ከዚያ ሚስት ካለች ሚስትም ትጠየቅ። ምርቃት ላይ አንድ ቀን የገጠር ቄስ ሚስት የክብር እንግዳ አድርጋችሁ ጋብዙ፣ እኔ ባልሆንም ግድ የለም። ምሩቃኑ የሚያገቧት ሴት ምን እንደሚጠብቃት ቀድማ ትስማ።


የመሪጌታ ልጅ

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍ አትሜ ለሀገረ ስብከት ብሰጥ ደስ ይለኛል፣ ከፈቀዱልኝ።


እናት ዓለም

ስጥልኝ ልጄ። ስሜን ብቻ አትጻፍ።


ጀጎል ማዶ

ከሐረር ነኝ፣ ካቶሊክ ነኝ። ወንድሜ ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ነው። ይህን የምጽፈው ለማወዳደር አይደለም፣ አንድ የሚጠቅም ነገር ስላየሁ ነው።

የማኅበር መነኮሳት ሲመረቁ "የት ትቀጠራለህ" የሚባል ጥያቄ የለም። የመታዘዝ ቃል ኪዳን አላቸውና አለቃቸው የላካቸው ቦታ ይሄዳሉ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይቀየራሉ። ዋናው ግን ወንድሜ ገጠር ሲሄድ የሚበላውን የሚያስበው ማኅበሩ ነው። ብቻውን ጥለውት አይሄዱም። የእናንተ ዲያቆን ግን ተመርቆ በማግሥቱ ራሱ ነው ሥራ ፈላጊው። ገንደ ቆሬን ብቻውን ከኅሊናው ጋር ማፋጠጥ ልክ አይመስለኝም፣ ሸክሙ የላኪውም መሆን አለበት።

ስለ መምህር ክብር ከተነሣ ደግሞ ሐረር ላይ ትልቅ ምሳሌ አለን። ተፈሪ መኮንን ልጅ ሳሉ ከካቶሊኩ ጳጳስ ከእንድርያስ ዣሮሶ ዘንድ ተምረዋል፣ የቅርብ አስተማሪያቸው ግን አባ ሳሙኤል ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ አባ ሳሙኤል ሲሞቱ ተፈሪ ተረፉ። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም የአስተማሪያቸውን ውለታ በጽሑፍ መስክረዋል። ያን ያህል ሰው አስተማሪውን ካከበረ እኛ አንድ ማይክ ለአንድ የገጠር መምህር መስጠት አያቅተንም።


ደደር

የቋንቋውን ነገር ማንም አላነሣውም፣ ስለዚህ እኔ ላንሣ። ያደግሁት ደደር ነው፣ አሁን ሐረር ነው የምኖረው፣ ዲያቆን ነኝ።

የክብር እንግዳው ምሩቃኑን በኦሮምኛም መመረቃቸው ሥራቸውን ነው የሚነግረን። ከባቢሌ ወዲያ በአማርኛ ብቻ ፊደል አስቆጥራለሁ ማለት አይሠራም። ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው፣ ሶማሊኛም ያለበት አለ። ልጅ ሆኜ አንድ ሰባኪ ከከተማ መጥቶ ረጅም ስብከት ሰበከን። አያቴ እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ፣ ቤት ስንመለስ ምን አለ ብለው እኔን ጠየቁኝ። እሳቸው ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚያውቁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ቆመው ነው የኖሩት። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

መጽሐፍ ቅዱስ እኮ በኦሮምኛ ሙሉ ሆኖ የታተመው በፈረንጆች 1899 ነው፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ደክመውበት። ቅዳሴውም በኦሮምኛ ይቀደሳል። የጎደለው የሚያስተምረው ሰው ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ ግእዝ በደንብ ይሰጣል፣ እንግሊዝኛም አለ። ኦሮምኛ ግን ከቤቱ ይዞ የመጣ ተማሪ ካልሆነ አይችልም። ተመራቂ መምህር ወደ ሐረርጌ ገጠር እንዲሄድ ከተፈለገ ቋንቋው የትምህርቱ አካል ይሁን፣ ፈተናም ይውጣበት።

ሌላው፣ ሰዎች የክብር እንግዳውን ጥያቄ በደንብ አልሰማችሁትም። አምስት አገልጋይ ላኩልኝ አላሉም እኮ፣ አንድ መምህር ነው ያሉት። አንድ መምህር ሄዶ ሰባት ስምንት ልጅ ቢሰበስብ፣ ልጆቹ ዳዊት ደግመው ግብረ ዲቁና ቢያጠኑ፣ ጳጳሱ ዲቁና ቢሰጧቸው፣ ቤተክርስቲያኗ የራሷ ዲያቆናት አላት። እናታቸው እዚያው፣ ቤታቸው እዚያው፣ ቋንቋቸው የሕዝቡ። ከድሬ ሰው እየላኩ መኖርና ይኼ አንድ አይደለም። መምህሩ ሥራውን ሠርቶ መመለስ ይችላል። ስለዚህ ገንደ ቆሬ፣ ዕድሜ ልክህን አይደለም የተጠየቅከው።


ለገሃሬ

ደደር ተባረክ። እኔ አንድ ነገር ብቻ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ የሚሄደውን ሕዝብ አስቡት። ከአዲስ አበባ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር ይመጣል። እኛም ከድሬ በእግር ሽቅብ እንወጣለን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ አጥቢያዎች ግን ዞር ብለን አናያቸውም። ስለቴን ለገብርኤል ካገባሁ በኋላ ለአንዲት የገጠር ቤተክርስቲያን ጧፍና ዘቢብ ማድረስ አልለመድኩም፣ የለመደ ሰውም ብዙ አላውቅም። በዚህ ሐምሌ ከጓደኞቼ ጋር ይህን ልንጀምር ተስማምተናል።


ነምበር ዋን

ሁሉንም አነበብኩ። ምርቃት ላይ ልጅን አቁሞ መጠየቁ አሁንም አልተዋጠልኝም፣ ልጁ ራሱ ካልተቀየመ ግን እኔ ምን አገባኝ።

የናት ዓለም ነገር ግን ገብቶኛል። ቤቱን ልሥራ። ማለቴ ሁለት ክፍል ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሽንት ቤቱን ጨምሮ። ታይዋን ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ አንዱ ሚስማርና ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፣ እነሱንም አናግሬአለሁ። ለመምህሩ ወርኃዊ ነገር ደግሞ በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች እንሰብሰብ። ለአንድ ወር ሞቅ ብሎ የሚቀር ከሆነ ግን አልገባበትም። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቆይ ሰው ይመዝገብ፣ ገንዘቡም በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ይግባ።


የከዚራ ጥላ

ነምበር ዋን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ተመዝግቤአለሁ፣ ወንድሜም ከመጀመሪያ ደሞዙ ጀምሮ። ምርቃቱ ላይ ስልካቸውን ተቀብዬ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላቸው። ኔትወርክ የሚያገኙት ኮረብታ ላይ ሲወጡ ስለሆነ ቆይተው ነው መልሰው የደወሉት። ቅዳሜ ሄደን ቦታውን ብናይ፣ ሰበካ ጉባኤውንም ብናናግር ደስ ይላቸዋል። ስንት ልጆች ፊደል ለመማር እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው፣ "እናንተ ብቻ ኑ፣ ልጁን ራሳችሁ ትቆጥራላችሁ" አሉኝ።

ደደር አንተ ብትመጣ ለቋንቋው ይጠቅመናል። ከመኪና ምን ይሻላል?


ገንደ ቆሬ

ቅዳሜ እኔም ልምጣ? ቃል የምገባው ነገር የለኝም፣ ከእናቴ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው። ማየት ግን እፈልጋለሁ።


የከዚራ ጥላ

ና እንጂ ወንድሜ። ማንም ቃል አይጠይቅህም።


ደደር

እመጣለሁ። ከድሬ የምትመጡ አርብ ማታ ሐረር ግቡና እኔ ቤት እደሩ፣ ቦታ አለ። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ፈረስ መጋላ እንገናኝ፣ የባቢሌ ሚኒባስ ጠዋት ቶሎ ይሞላል፣ ከረፈደ ግን ቆሞ መጠበቅ ነው። ከባቢሌ ወዲያ ያለውን በሚገኘው ጭነት መኪና ወይ በእግር ነው፣ ስለዚህ ጫማ አስቡበት። ቆላ ስለሆነ ውሃ በብዛት ያዙ። ለቤተክርስቲያኗ ጧፍ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ንጹሕ የስንዴ ዱቄት በቂ ነው፤ ዘቢቡንና ዕጣኑን ከቀፊራ ግዙት፣ እዚያ ይሻላል። የፊደል ገበታና ዳዊት እኔ ከሐረር አመጣለሁ። ነምበር ዋን፣ ሜትር ይዘው ይምጡ፣ የቤቱን ቦታ እዚያው እንለካለን።